በጉዞ ጊዜ ጆሮን ስለ መጠበቅ

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። የንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ የነበረው ይህ ሰው ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ስለ ጥምቀት፥ ስለ ትሕትና፥ መጽሐፍን ያለ ተርጓሚ ማስተዋል አስቸጋሪ ስለ መሆኑ ብዙ ይናገራሉ። እኛ ግን ዛሬ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ወደሚታለፍ አንድ ነገር እንመለከታለን፤ ይኸውም በዚያ ሠረገላ ላይ ምን ይሰማ እንደ ነበረ ነው።

ፊልጶስ በመንፈስ ቅዱስ ታዝዞ ወደ ሠረገላው ሮጦ በቀረበ ጊዜ ጃንደረባው ሲያነብ እንደ ሰማው ተጽፏል። እንግዲህ ጃንደረባው የሚያነበው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ከሠረገላው ውጭ በእግሩ የሚሮጥ ሰው እስኪሰማው ድረስ። በዚያ ሠረገላ ላይ ከመጽሐፉ ቃል የሚበልጥ ሁካታ ኖሮ ቢሆን፥ ፊልጶስ የቱን ሰምቶ ጥያቄውን ያቀርብ ነበር? ጃንደረባውስ ከመንገድ ዳር የመጣውን የእንግዳ ሰው ጥያቄ እንዴት ይሰማው ነበር? የመዳኑ ነገር የጀመረው ጆሮው ባዶ ስለ ነበረች ነው ብንል አንሳሳትም። ከዚያ በኋላ መምህሩን ከአጠገቡ አስቀምጦ ትምህርቱን ሰማ፤ ተጠመቀም። የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ከነጠቀው በኋላ ግን መጽሐፍ ስለ ንባብም ስለ ንግግርም አያነሣም፤ ደስ እያለው መንገዱን መሄዱን ብቻ ይነግረናል።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ውኃ ካለበት በደረሱ ጊዜ ጃንደረባው ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ። ማዘዙ ልጓሙን የያዘ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ያመለክታል። ጃንደረባው በመጽሐፉ ላይ ዓይኑን መትከል የቻለው መንገዱን የሚያይለት ሰው ስለ ነበረው ነው። ስለዚያ ባለ ልጓም መጽሐፍ ስሙን አልጻፈልንም፤ ያነጋገረውም የለም። ነገር ግን የነቢዩ ቃል ሲነበብ፥ ሐዋርያዊው ሰው ሲተረጕም፥ እርሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ከዚያው ነበረ። ዛሬ መኪና የሚነዳ ምእመን ሁለቱንም በአንድ ሰውነት ሆኗል፤ ልጓሙንም የያዘ እርሱ ነው፥ የሚሰማውንም የሚመርጥ እርሱ ነው። ጥያቄው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ራዲዮን በመኪና ውስጥ ማስገባት ግን ዘግየት ብሎ በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930 የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ ብለው በሰየሙት መሣሪያ እየተስፋፋ የሄደ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ባለ ሥልጣኖች ነጂውን ያዘናጋል ብለው ሊከለክሉት አስበው ነበር፤ አሳባቸው ግን አልጸናም። ከዚያ የቴፕ ካሴት መጣ፤ አሁን ደግሞ ነጂው በስልኩ አማካይነት የፈለገውን ዘፈን፥ የፈለገውን ስብከት፥ የዓለሙን ወሬ ሁሉ በአንድ ጣት ይጠራል። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ምን ይሰማ የሚለው ነገር ዱሮ የጣቢያው ፈንታ ነበር፤ ዛሬ የነጂው የራሱ ፈንታ ሆኗል። ምርጫ ባለበት ደግሞ ተጠያቂነት አለ።

መሣሪያውን ራሱን ክፉ ነው ብለን አንነቅፍም። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በጆሮ የሰሙትን በሰገነት ላይ እንዲሰብኩ ሲያዝዛቸው፥ ከሰገነት የሚሻል የሚሰማበት ስፍራ በዚያ ዘመን አልነበረም። ዜማንም አንነቅፍም። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦልን ያስጨንቀው የነበረው ክፉ መንፈስ ይርቀው ነበር። ነቢዩ ኤልሳዕ በነገሥታቱ ፊት በተቈጣ ጊዜ በገና የሚመታ ሰው እንዲያመጡለት ጠየቀ፤ ባለ በገናው ሲመታም የእግዚአብሔር እጅ በላዩ ሆነች። የቅዱስ ያሬድ ልጆች የሆንን እኛ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ተቀብለን ዜማ ክፉ ነው ብንል በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። ዝሙትን የሚያስመኝ፥ ስካርን የሚያስወድድ፥ ወገንን ከወገን የሚያጣላ ዘፈን ግን በቤትም በመኪናም ያው ነው፤ መንኰራኵር ስለ ተጨመረበት አይነጻም። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢው ያውቀዋል።

ብዙ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም መልካም የሆነውም ድምፅ ቢሆን ከነጂው ልብ ድርሻ የሚወስድ መሆኑ ነው። ይህን ለማወቅ ምርመራ አያሻም። ሰው ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ሠርግ ሄዶ የማያውቀውን ቤት ሲፈልግ፥ ወይም በጠባብ ስፍራ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ፥ ሳያስበው እጁን ሰድዶ ራዲዮውን ይቀንሳል። ቤቱን የሚፈልገው በዓይኑ ነው፤ ስለ ምን ታዲያ የጆሮውን ነገር ይቀንሳል? ዓይንም ጆሮም የሚያገለግሉት አንድ ልብ ስለ ሆነ ነው። ልብ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይጐድላል። እጁ ያወቀውን ይህን እውነት አእምሮው ሁልጊዜ ቢያስበው መልካም ነበር።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰኮንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 80 የሚሄደው ደግሞ ከ22 ሜትር በላይ። ልቡ ከዜማው ወይም ከወሬው ጋር ሁለት ሰኮንድ የቈየ ነጂ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅ ከደጅ ወጥታ መንገድ መካከል ለመድረስ የሚበቃትን ርቀት ሳያይ አልፎታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 ባወጣው መግለጫ፥ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ አስታውቋል። ሁሉም በራዲዮ ምክንያት ሞቱ ማለታችን አይደለም፤ የፍጥነት፥ የስካር፥ የመንገድና የመኪና ብልሽት ድርሻ ብዙ ነው። ነገር ግን አትግደል የሚለውን ትእዛዝ በሰይፍ ላይ ብቻ የተነገረ አድርጎ የሚያስብ ነጂ ትእዛዙን በሚገባ አልተማረም።

በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 22 የተጻፈው የበለዓም ነገር ለነጂ የተጻፈ ይመስላል። ሰይፉን የመዘዘው መልአክ በመንገድ ላይ ቆሞ ሳለ አህያይቱ አየችው፤ በላይዋ የተቀመጠው ነቢይ ግን አላየውም። ልቡ ወደ ባላቅ ስጦታ ሄዶ ነበርና። ሦስት ጊዜ ፈቀቅ ባለች ቍጥር እንዳዳነችው አላወቀም፥ መታት እንጂ። አህያ ስለ ጌታዋ ታያለች፤ መኪና ግን ዓይን የለውም፤ ነጂው ካላየ የሚያይለት የለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ደብረ ሊባኖስን በስተ ቀኝ ትቶ፥ ፍቼን አልፎ፥ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ ሲወርድ ይህ ነገር ይበልጥ ይገባዋል። ቍልቍለቱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከፊትም ከኋላም ከባድ የጭነት መኪናዎች አሉ፤ አየሩ ቀስ በቀስ ይሞቃል። ልምድ ያለው የጭነት ነጂ በዚያ ስፍራ የሚያዳምጠው ሞተሩንና ፍሬኑን ነው። የፍሬን ሲሲታ፥ የጎማ ድምፅ፥ ከመታጠፊያው ማዶ የሚመጣ ጡሩምባ፥ ይህ ሁሉ ለእርሱ ቃል ነው። ወንዙን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ጆሮው ሥራ ላይ ናት። ይህን ጆሮ በጩኸት መሙላት ዘበኛን ከበር አንሥቶ ለግብዣ እንደ መጥራት ነው።

ከዚህ ላይ የሌሊት ጉዞ ነገር ይነሣል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው የሚወጡ ነጂዎች እንቅልፍን ለማባረር ዘፈን ከፍ አድርገው እንደሚከፍቱ ይታወቃል፤ አንዳንዶችም ጫት ይጨምሩበታል። እንቅልፍ ግን በጩኸት የሚሸሽ ሌባ አይደለም፤ ሥጋ የሚጠይቀው ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በመተኛት ብቻ ነው። ዓይኑ የከበደበት ነጂ መኪናውን ከመንገድ ፈቀቅ አድርጎ ጥቂት ቢያርፍ ከሃይማኖትም ከብልሃትም ይቈጠርለታል። ጭነቱ በቶሎ እንዲደርስ ነጂውን ያለ ዕረፍት የሚያስነዳ ባለ ንብረትም ቢሆን ከዚህ ኃጢአት ድርሻ አለው፤ ይህን ለነጂው ብቻ መናገር ተገቢ አይደለም።

ብዙ ምእመናን ግን እንዲህ ይላሉ፤ እኔ ዘፈን አልሰማም፥ መዝሙር ነው የምሰማው። ይህ መልካም ነው፤ እናመሰግናለን። ሆኖም መዝሙሩ ከፍ ብሎ እየተሰማ ነጂው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ቀደመኝ ያለውን ሰው ሲሰድብ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የእመቤታችን ሥዕል በመስተዋቱ ላይ ተሰቅሏል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም በስተ ግራ ተለጥፏል፤ አፉ ግን በመርገም ተሞልቷል። በነገሥት መጽሐፍ በማማ ላይ የቆመው ጕበኛ የናሜሲን ልጅ ኢዩን ከሩቅ ያወቀው በመልኩ አልነበረም፥ በአነዳዱ ነበር እንጂ፤ በችኰላ ይነዳ ነበርና። ክርስቲያንም ከሚከፍተው መዝሙር ይልቅ በአነዳዱ ይታወቃል። እግረኛውን አሳልፎ የሚያቆም ሰው፥ ድምፁ ባይሰማም፥ የሚሰማ ነገር ተናግሯል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደግሞ አንድ የአገራችን ልማድ አለ። ነጂው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ዘፈኑን ዝቅ ያደርጋል፥ ያማትባል፥ ከቅጥሩ ጥግ ሲርቅ እንደ ገና ከፍ ያደርገዋል። ይህን ልማድ የሚያፌዙበት አሉ፤ እኛ ግን አናፌዝበትም። በልቡ ውስጥ ገና ያልጠፋ ፍርሃተ እግዚአብሔር እንዳለ ያሳያልና። ነገር ግን እጁን ዝቅ እንዲያደርግ ያዘዘችው ሕሊና ከቅጥሩ ማዶም ከእርሱ ጋር እንደምትሄድ ቢያስተውል፥ ከፍ ከማድረጉ በፊት አንድ ጊዜ ያስብ ነበር። ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ወይም ብዙ ሰው በሚሻገርበት ስፍራ ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ ሊሳለም የሚጐነበስ አለ። እንደዚህ ያለው ነጂ በልቡ ቢሳለም ይበቃዋል፤ የመቅደሱ ጌታ የልብን ስግደት ያውቃልና።

አሁን ወደ ዝምታ እንመለስ፤ በእውነት የሚከብደው እርሱ ነውና። አንድ ነጂ ለንስሐ አባቱ፥ አባ፥ ሁሉን ትቼ ዝም ብዬ እንዳልነዳ አሳቤ ያስፈራኛል፤ ራዲዮውን በዘጋሁት ጊዜ የሞተብኝ ወንድሜ፥ የተበደልሁት በደል፥ ያደረግሁት ኃጢአት ሁሉ ይመጣብኛል ቢል ምን ይመለስለታል? ይህን የሚናገር ሰው ጥቂት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ድምፅ የሚከፍተው ዜማን ስለ ወደደ ሳይሆን ከራሱ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ነው። እንግዲህ ካህኑ በቶሎ ዝም በል ብሎ ቢያሰናብተው አይረዳውም። የሚመጣበት ነገር ኃጢአት እንደ ሆነ መፍትሔው ንስሐ ነው፤ ያልተነገረውን በካህን ፊት መናገር ነው። ኀዘን እንደ ሆነ የሚያጽናና ሰው ይፈልጋል፤ ኀዘኑ ዓይኑን በእንባ የሚጋርድበት ከሆነም እስኪጽናና መሪውን ለሌላ ቢሰጥ ይሻላል። ራዲዮው ግን ሁለቱንም አልፈወሰም፤ ሸፈናቸው እንጂ። የተሸፈነ ቍስል ደግሞ ያመረቅዛል።

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ በነበረ ጊዜ ጽኑ ነፋስ፥ የምድር መናወጥ፥ እሳትም አለፉ፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚህ ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ የመጣውን ጸጥ ያለ ድምፅ ሲሰማ ኤልያስ ፊቱን በመጐናጸፊያው ሸፈነ። ጥያቄውም ከዚያ በኋላ መጣለት፤ በዚህ ምን ታደርጋለህ ተባለ። ዝምታ የሚያስፈራው እንደዚህ ያለ ጥያቄ ስላለበት ነው። የቴዎዶስዮስ የንጉሡ ልጆች መምህር የነበረው አርሳንዮስ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ አስቄጥስ በረሓ የወረደው ሽሽ፥ ዝም በል፥ ጸጥ በል የሚል ትእዛዝ ደርሶት እንደ ሆነ አባቶች ጽፈዋል። በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ የተሾመው ማር ይስሐቅም፥ መጽሐፉ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ በገዳማችን የሚተረጐመው፥ ስለ ዝምታ የጻፈው ብዙ ነው። መኪና ነጂ መነኵሴ አይደለም፤ የበረሓውን ሥርዓት በእርሱ ላይ አንጭንም። ነገር ግን ከቤቱ እስከ ሥራው የሚወስደው የአንድ ሰዓት መንገድ፥ በመኪና ብዛት የተዘጋው የአዲስ አበባ መንገድ እንኳ፥ ሌላ ሰው የማይገባበት ትንሽ በኣት ሊሆንለት ይችላል። ከሳምንቱ ቀኖች አንዱን ወይም ከመንገዱ እኵሌታውን ያለ ድምፅ ለመሄድ ቢጀምር ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ለዚህ ዐቢይ ጾም ምቹ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራስዋ በዚያ ወራት ከበሮውንና ጸናጽሉን አስቀምጣ፥ በመቋሚያ ብቻ ጾመ ድጓን ስታዜም፥ ጆሮ እንዴት እንደሚጾም አሳይታናለች።

በዝምታው ውስጥ መጸለይ የሚወድድ ነጂ በቃሉ የያዘውን ይጸልይ። አቡነ ዘበሰማያትን፥ ጸሎተ ሃይማኖትን፥ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሉ የያዘ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ሊደግም ይችላል። አባቶቻችን ተማሪውን ዳዊት በቃል ያስያዙት በጨለማም በመንገድም ስንቁ እንዲሆነው ነበር። ከስልክ ላይ እያነበቡ መንዳት ግን ጸሎት ሆኖ አይቈጠርም። በሚነዳበት ጊዜ ስልክ የሚጠቀም ሰው በአደጋ ላይ የመውደቁ ነገር ከማይጠቀመው አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆን ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ስለ ራሱ ነፍስ እየጸለየ የሌላውን ነፍስ በአደጋ የሚጥል ሰው ጸሎቱ ወዴት ይደርሳል? የሚጸልየው ጸሎት እንኳ ልቡን ከመንገዱ የሚወስድበት መሆኑን ካየ ያቋርጠው፤ ስለ ሌላው ደኅንነት ነቅቶ መንዳቱ በዚያች ሰዓት ጸሎቱ ነው።

ተሳፋሪ ያለበት ነጂ ደግሞ ጆሮው የራሱ ብቻ አይደለም። በአውቶቡስና በታክሲ ውስጥ ኀዘንተኛ አለ፥ ሕመምተኛ አለ፥ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ አለ፥ የሌላ ሃይማኖት ሰውም አለ። መዝሙራችንን በግድ ብናሰማው ለጌታ አናቀርበውም፤ እናስመርረዋለን እንጂ። በትሕትና ድምፁ ይረብሻችኋልን ብሎ የሚጠይቅ ሾፌር ግን ከሰባኪ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ አባትም ራዲዮውን ዘግቶ ቢያነጋግራቸው ይሻላል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ሕጉን ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ እስራኤልን ሲያዝዝ፥ በቤት ተቀምጠው ብቻ አላለም፥ በመንገድም ሲሄዱ ጨምሮበታል። ቀኑን ሙሉ የማይገናኙ አባትና ልጅ ጐን ለጐን የሚቀመጡበት ሰዓት ያ ብቻ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወንድሞቻችን፥ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱት፥ ቀኑን ከእንግዳ ሰው ጋር በእንግዳ ቋንቋ ሲነጋገሩ ውለው የአማርኛ ስብከትና የግዕዝ ዜማ በመኪናቸው ሲሰሙ ትልቅ መጽናናት ያገኛሉ። ይህን የሚነቅፍ ልቡ የደነደነ ነው። ነገር ግን እዚያም እዚህም አንድ ስሕተት እየገባ ነው፤ ይኸውም ቅዳሴውን በመኪና ሰምቼዋለሁ የሚል አነጋገር ነው። በመሣሪያ የተቀዳ የቅዳሴ ዜማ ትምህርት ይሆናል፥ ናፍቆትን ያነቃቃል፤ ቅዳሴ ግን አይሆንም። በቅዳሴ ዲያቆኑ ተነሡ ሲል ይቆማል፤ ካህኑ ሲባርክ ይጐነበሳል፤ መሥዋዕቱ ይቀርባል። መሪ የጨበጠ ሰው ከእነዚህ የትኛውን ያደርጋል? የእሑድ ሥራ ግድ የሆነበት ሰው ነገሩን ለንስሐ አባቱ ነግሮ መሻገሪያ ይፈልግ፤ መስማቱን በመገኘት ፈንታ አያስቀምጠው።

በመጨረሻም ከቁርባን በኋላ ስላለው መንገድ የሚጠይቁን አሉ። ሥጋውንና ደሙን የተቀበለ ምእመን አፉን በነጠላው ሸፍኖ እንደሚወጣ፥ ምራቁን እንደማይተፋ፥ ሩቅ መንገድ እንዳይሄድና ሰውነቱን እንዳያደክም አባቶች ያዘዙትን ሥርዓት እናውቃለን። ዱሮ ሰው ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ወጥቶ በዝግታ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ መኪናው ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሣም ማታ ሲዘጋ የነበረው ጣቢያ በራሱ ይከፈታል፤ የኳስ ጨዋታ ወሬ፥ የገበያ ማስታወቂያ፥ አልፎም ዘፈን። አፉን ሸፍኖ ጆሮውን ከፍቶ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ የሚቈርብ ሰው ዋዜማውን፥ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ራዲዮውን ዘግቶ ይደር፤ በማግሥቱ ቍልፉን ሲያዞር ጸጥታውን ያገኘዋል። ቢቻል ደግሞ በዚያ ዕለት ያልቈረበ ሌላ ሰው ይንዳለትና፥ እርሱ እንደ ጃንደረባው ከጐን ይቀመጥ።